አርማው ከተነሣ በኋላ የሚቀረውን የቀለም ጥላ ማስለቀቅ

የመኪናችሁን የኋላ ኮፈን ጽሑፍ አንሥታችኋል እንበል። ሙጫውም ተጠርጓል። ግን «ኮሮላ» የሚለው ቃል አሁንም ይነበባል። ፊደሎቹ ሄደዋል፣ ቅርጻቸው ግን ቁጭ ብሏል። የፊደሎቹ ቦታ ጠቆር ብሎ ያበራል፤ ዙሪያው ፈዟል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ጨርቅ ይይዝና የፊደሎቹን ቦታ መፈተግ ይጀምራል። ዓይኑ የሚያየው እዚያ ያለውን ቅርጽ ስለሆነ ጥፋቱም እዚያ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከአርማው ሥር የነበረው ቀለም ጤነኛው ነው። ለዓመታት ፀሐይ አልነካውም፣ አቧራ አልፈተገውም። ያረጀው ዙሪያው ነው። ስለዚህ ሥራችን ዙሪያውን ወደ ፊደሎቹ ደረጃ ማምጣት ነው። ጤነኛውን ቦታ መፈተግ ያለችውን ደህና ቀለም መጨረስ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሞላ ጎደል ሁላችንም ለምናውቀው መኪና ነው፦ ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ ብዙ ዓመት ደጅ ያደረ፣ ከኋላው የሞዴል ስም ወይም የሻጭ ድርጅት ስም የተለጠፈበት። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ያገለገሉ ሆነው የመጡ መኪኖች ላይ የሻጩን ስም ማየት የተለመደ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና ተንከባክቦ መያዝ ለብዙዎቻችን የግድ ሆኗል።

ጥላው ከምን ይመጣል?

የፋብሪካ ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። ከብረቱ ተነሥቶ ጸረ ዝገት፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ ከላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ብርጭቆ መሳይ ሽፋን አለ። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ይሆናል።

መኪናው የሚያበራው ክሊሩ ለስላሳ ስለሆነ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ቀስ በቀስ ፊቱን ያደርቀዋል፣ ያሻክረዋል። አቧራ ላይ የሚደረግ ደረቅ ውልወላ ደግሞ በጣም ቀጫጭን ጭረቶች ይጨምርበታል። ብርሃን በሻካራ ፊት ላይ ሲያርፍ ይበተናል፤ እኛም ቀለሙ ፈዘዘ እንላለን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በ10 በመቶ አካባቢ ይጠነክራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይታወቀንም እንጂ እዚህ ደጅ የሚያድር መኪና በየቀኑ ይከፍላል።

ደስ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የክሊሩ የላይኛው ፊት ብቻ ነው። ያንን ቀጭን ሻካራ ፊት በፖሊሽ ስናነሣ ከሥሩ ደህናው ይወጣል። ነገር ግን የሚነሣው ነገር አይመለስም። ከፀሐይ የሚከላከለው ንጥረ ነገርም ያለው በዚያው በክሊሩ ውስጥ ነው። በዚህ መመሪያ ውስጥ «ቀስ በሉ» ስል የምደጋግመው ለዚህ ነው። የሚበቃው ትንሹ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሁለት ባልዲ፣ የመኪና ሻምፖ፣ አምስት ስድስት ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የፀጉር ማድረቂያ ፎን፣ የጥርስ ማጽጃ ክር ወይም የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ፣ ማስኪንግ የሚባለው የወረቀት ፕላስተር፣ ትንሽ ላምባ ወይም ደብሊውዲ-40 የሚባለው የሚረጭ ዘይት፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል፣ ለስላሳ ፖሊሽ፣ ሻካራ ኮምፓውንድ፣ የስፖንጅ መቀቢያ፣ ዋክስ። ክሌይ ባር (ቀለም ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሣ ጭቃ መሳይ ቁራጭ) ካገኛችሁ ጥሩ ነው።

ኮምፓውንድና ፖሊሽ አንድ አይደሉም። ሁለቱም ይፍቃሉ፤ ኮምፓውንድ ጠንከር ብሎ፣ ፖሊሽ ለስለስ ብሎ። ዋክስ ደግሞ አይፍቅም፤ ሽፋን ነው። ሱቅ ውስጥ ሦስቱም «ፖሊሽ» ተብለው ሊሸጡላችሁ ይችላሉ። ዕቃው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ዋክስ ገዝቶ ጥላውን አጠፋለሁ ብሎ ሲያሽ የሚውል ሰው አለ። ዋክሱ ለጥቂት ቀን ይሸፍነዋል፣ ሲታጠብ ጥላው ተመልሶ ይመጣል።

የምትሠሩበት ቦታ ፀሐይ የማያገኘው ይሁን፤ ብረቱም ይቀዝቅዝ። ፀሐይ ላይ የዋለ ኮፈን ላይ ፖሊሽ ወዲያው ደርቆ ይጣበቃል። ጠዋት በጣም ጥሩ ነው፣ ነፋስና አቧራ ሳይነሣ። ጊዜ መምረጥ የሚችል ሰው መስከረምና ጥቅምትን ይምረጥ፤ ዝናቡ አልፏል፣ አቧራው ገና አልተነሣም።

1. ገና ካላነሣችሁት

ጥላ ከሚመስለው ጉዳት ብዙው የሚመጣው ከአነሣሥ ስለሆነ እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ፎቶ አንሡ። ከአርማው በላይና በጎን ማስኪንግ ለጥፋችሁ ቦታውን ምልክት አድርጉ። ሥራው ሳይሳካ ቀርቶ አርማውን መመለስ ከፈለጋችሁ ይህ ምልክት ያድናችኋል። ጥላው ላይ በትክክል ካልተመለሰ ሁለት ጽሑፍ ተደራርቦ ይታያል።

ቀጥሎ ኮፈኑን ክፈቱና ከውስጥ በኩል ተመልከቱ። ትልልቅ ክብ አርማዎች ብዙ ጊዜ በሙጫ ብቻ አይያዙም፤ ከጀርባቸው የሚወጡ ካስማዎች በብረቱ ቀዳዳ ይገባሉ። ነጠላ ፊደሎችና የሻጭ ስሞች ግን ባብዛኛው በሁለት ፊት የሚጣበቅ ስፖንጅ መሳይ ፕላስተር ብቻ የተያዙ ናቸው። ቀዳዳ ካለ አርማውን ማንሣት ጥሩ ሐሳብ መሆኑን እንደገና አስቡበት። ቀዳዳ በፖሊሽ አይደፈንም።

አካባቢውን እጠቡ። ፎኑን ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አርቃችሁ፣ አንድ ቦታ ሳታቆሙ፣ ለሁለት ሦስት ደቂቃ አሙቁ። መዳፋችሁን ብታሳርፉበት የሚቻል ሙቀት ይበቃል። ክሩን ከአርማውና ከብረቱ መካከል አስገቡና እንደ መጋዝ ግራ ቀኝ ሳቡት። ጣታችሁን እንዳይቆርጠው ጓንት አድርጉ። ከበደ? እንደገና አሙቁ። ካቻቢቴ፣ ቢላዋ፣ የብረት ማንኪያ አይግባ። አንዲት ጭረት ከብረት ከተነሣች ክሊሩን ልታልፍ ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሌላ ነው።

2. ሙጫው

የቀረውን ስፖንጅ እንደገና ሞቅ አድርጋችሁ በአውራ ጣት እያንከባለላችሁ አንሡት። አሰልቺ ነው። ግን ቀለሙን የማይጎዳው መንገድ ይሄ ነው። ጣት ያልበገረውን በባንክ ካርዱ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ ግፉት።

ቀጭኑን ሽፋን ላምባ ወይም ደብሊውዲ-40 ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ አርሱት። አምስት ደቂቃ ያህል ይጠጣ። ከዚያ ጥረጉት፤ ካልለቀቀ ድገሙት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ላምባም ደብሊውዲ-40ም እሳት ይይዛሉ። እነሱን ከቀባችሁ በኋላ ፎን አትክፈቱ።

ቤንዚንና ቲነርስ? ሙጫ በፍጥነት ያነሣሉ፣ ልክ ነው። ግን መኪናችሁ ተቀብቶ የሚያውቅ ከሆነ ቲነር ቀለሙን ያለሰልሰዋል፣ ያደበዝዘዋል። ያገለገለ መኪና ደግሞ ከዚህ በፊት ተቀብቶ እንደሆነ በእርግጠኝነት የምታውቁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ማንኛውንም ፈሳሽ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የኮፈኑ የውስጥ ጠርዝ ላይ ሞክሩ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ወይም ቦታው ከተጣበቀ አቁሙ።

የብረት ሱፍ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሻካራ ስፖንጅ፣ አመድ፣ ምላጭ፦ አንዳቸውም ወደ መኪናው አይጠጉ። ድስት የሚያጸዳ ነገር ሁሉ ክሊርን ይቧጭራል።

3. እጥበት

አንዱ ባልዲ ሻምፖ፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። ጨርቁን በንጹሑ ውሃ ሳታለቀልቁ ወደ ሻምፖው አትመልሱ። በፊደሎቹ ጠርዝ ዙሪያ ለዓመታት የተጠራቀመ ጥቁር መስመር አለ። እሱን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አውጡት። አንዳንዴ ጥላ የመሰላችሁ ነገር ግማሹ ይሄው ቆሻሻ ሆኖ ይገኛል።

ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ቀጭን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ ኮፈኑን ዳሰስ አድርጉ። ፌስታሉ የጣትን ስሜት ያጎላል። እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ነገር ከተሰማችሁ የተጣበቀ ቆሻሻ አለ። ክሌይ ባሩን በሻምፖ ውሃ እያረጠባችሁ ሳትጫኑ አንሸራትቱት። መሬት ከወደቀ ጣሉት፤ የያዘው ጠጠር ቀለሙን ይልጠዋል።

4. ምን እንደያዛችሁ ለዩ

እዚህ ላይ የምታጠፉት ጥቂት ደቂቃ ግማሽ ቀን ከንቱ ልፋት ያድናል።

የውሃ ፈተና። የፈዘዘውን ቦታ በውሃ አርጥቡት። እርጥብ ሆኖ ሳለ ጥላው ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ፣ ሲደርቅ ደግሞ ከተመለሰ፣ ችግሩ ፊቱ ላይ ነው። ውሃው ሻካራውን ሞልቶት ነው ያበራው። ፖሊሽም ይህንኑ በቋሚነት ሊያደርገው ይችላል። እርጥብም ሆኖ ልዩነቱ እንዳለ ከቀረ ግን ቀለሙ ራሱ ከሥር ነጥቷል፣ ወይም ክሊሩ ውስጡ ሞቷል። እዚያ ፖሊሽ ያሻሽል ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። ቀይ መኪኖች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል።

የጥፍር ፈተና። ጭረት ካለ ጥፍራችሁን በቀስታ አሳልፉበት። ጥፍሩ ካልተያዘ በፖሊሽ ተስፋ አለው። ከተያዘ ጥልቅ ነው፤ እሱን እስኪጠፋ ማሸት ክሊሩን መጨረስ ነው።

የነጭ ጨርቅ ፈተና። ትንሽ ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ አድርጋችሁ ጠርዝ ላይ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ካወጣ መኪናው ክሊር የለውም ማለት ነው፤ የላይኛው ንብርብር ቀለሙ ራሱ ነው። በዕድሜ የገፉ መኪኖች ላይ፣ በተለይ ነጭና ቀይ ሲሆኑ፣ ይህ ያጋጥማል። አትደንግጡ። እንዲህ ዓይነት ቀለም በፖሊሽ ደህና አድርጎ ይመለሳል፤ የምታነሡት ግን ራሱን ቀለሙን ነውና በቁጠባ።

ክሊሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚነሣ፣ ነጭ ነጭ የሚልና ጠርዙ የሚላጥ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ፖሊሽ ልጣጩን ያሰፋዋል። መፍትሔው ቀለም ቀቢ ነው።

አንድ ሌላ ዓይነትም አለ። ዙሪያው ደህና ሆኖ የአርማው ቦታ ብቻ ጭጋግ የመሰለ ከሆነ ጉዳቱ ከሙጫ ማንሻው ወይም ከፍተጋው የመጣ ነው። ያኔ ብቻ ነው ሥራው የአርማው ቦታ ላይ የሚያተኩረው።

5. ፖሊሹ

የኮፈኑን ጠርዞች፣ የመታጠፊያ መስመሮቹን፣ የመብራቶቹንና የፕላስቲኮቹን ዳር በማስኪንግ ሸፍኑ። ጠርዝ ላይ ቀለም ስስ ነው፤ ብዙ ሰው ቀለሙን ጨርሶ ፕራይመሩን የሚያወጣው እዚያ ነው።

ከዚያ ሙከራ። የፈዘዘው ቦታ ላይ አንድ ማስኪንግ ቀጥ አድርጋችሁ ለጥፉ። ከማስኪንጉ በአንድ ወገን ብቻ ሥሩ። ሲነሣ ግራና ቀኙን ታወዳድራላችሁ። ያለዚህ ዓይን ይዋሻል፤ ሰው ከደከመ በኋላ ለውጥ ያየ ይመስለዋል።

ሁልጊዜ በለስላሳው ፖሊሽ ጀምሩ። የስፖንጅ መቀቢያው ላይ ሽምብራ የሚያህሉ ሦስት አራት ጠብታዎች አድርጉ። 30 በ30 ሳንቲሜትር የሚሆን ቦታ ያዙ፤ ከዚያ አትበልጡ። መጀመሪያ ሳትጫኑ ቀቡት። ከዚያ ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ፣ ኃይሉ በመዳፍ ሙሉ እንዲያርፍ አድርጋችሁ፣ ወደ ጎን ቀጥ ባሉ መስመሮች እሹ። እያንዳንዱ መስመር የፊተኛውን ግማሽ ይደርብ። ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች። በአንድ ጣት ጫፍ አትጫኑ፤ ጉድጓድ የመሰለ ምልክት ይቀራል። ክብ እየሠሩ ማሸትም ፀሐይ ላይ የሚታይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይተዋል።

ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ ፖሊሹ ስስና ብርሃን አሳላፊ ሲሆን በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጥረጉ። ማስኪንጉን አንሡና እዩ።

ልዩነት ካለ መንገዱን አግኝታችኋል። በዚሁ ለስላሳ ፖሊሽ ቀጥሉ። ሦስት አራት ዙር ሠርታችሁ ምንም ከሌለ ብቻ ወደ ኮምፓውንድ ውጡ። ኮምፓውንድ ሲያነሣ ራሱ ቀጭን ጭጋግ ይተዋልና በኮምፓውንድ የሠራችሁትን ሁሉ መልሳችሁ በለስላሳው ትጨርሱታላችሁ። ይህን የሚዘሉ ሰዎች «ኮምፓውንድ ቀለሜን ገደለው» ይላሉ። የገደለው መሃል መንገድ መቆሙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሥራችሁ ዙሪያው ላይ ይሁን። በፊደሎቹ ቅርጽ ላይ በመጨረሻ፣ ቀለል አድርጋችሁ፣ ለማዋሐድ ያህል ብቻ እለፉ። ጥላው ሲጠፋም እዚያው አትቁሙ። አንድ ክብ ቦታ ብቻ ካበራችሁ ፊደሎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ አሁን ትልቅ የሚያበራ ክብ ይቀርላችኋል። ሌላ ጥላ ሠራችሁ ማለት ነው። ፖሊሹን እስከሚቀጥለው የብረቱ መታጠፊያ ወይም እስከ ኮፈኑ ዳር ድረስ አዳርሱት፤ ወደ ዳር ስትሄዱ ኃይላችሁን እየቀነሳችሁ። በተግባር ይህ ሙሉውን የኋላ ኮፈን መሥራት ነው። ግማሽ ቀን መድቡለት። ክንድ ይዝላል፤ እረፉ፣ ቡና ጠጡ፣ ተመለሱ። የደከመ እጅ ይጫናል።

ጨርቁንና ስፖንጁን ቶሎ ቶሎ ገልብጡ፣ ለውጡ። የተነሣው የሞተ ክሊር ጨርቁ ላይ ሲጠራቀም መልሶ ይቧጭራል።

ማሽን ካላችሁ

ዱዋል አክሽን የሚባለው እየዞረ የሚንቀጠቀጠው ፖሊሸር ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው። ብዙ ሙቀት አያጠራቅምም። በዝቅተኛው ፍጥነት ፖሊሹን አዳርሱ፣ ከዚያ የፍጥነት ቁጥሩን ወደ 4 አካባቢ ከፍ አድርጉ፣ ስፖንጁን ጠፍጣፋ ይዛችሁ በሰከንድ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል እየተጓዛችሁ አራት ጊዜ ተመላለሱ። ብረቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ካቃጠለ አቁሙ።

ቀጥ ብሎ የሚዞረውን ማሽን የለመደ ባለሙያ ይያዘው። የብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ አስሮ መሥራት ግን በፍጹም አይሆንም። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ክሊርን በሰከንዶች ያቃጥላል።

ጋራዥ የምትሰጡት ከሆነም ከመጀመሩ በፊት ከሠራተኛው ጋር ተነጋገሩ። «ወንድሜ፣ በለስላሳው ጀምርልኝ፣ ጠርዞቹን ሸፍንልኝ፣ የጽሑፉ ቦታ ሳይሆን ዙሪያው ነው የፈዘዘው» በሉት። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲሰማ አይከፋውም፤ እንዲያውም የሚገባው ሰው መጣ ብሎ ደስ ይለዋል። ከመሬት የሚነሣ አቧራ ባለበት፣ አጠገቡ ስቱኮ በሚፈገፈግበት ቦታ እንዳይሠራው ለምኑት።

የብርጭቆ ወረቀትን በተመለከተ፣ ጥልቅ ጭረትን በ2000 እና በ3000 ቁጥር በውሃ እያረጠቡ ማለስለስ የሚቻል ነገር ነው። ባለሙያዎች ያደርጉታል። ግን የቀለሙን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ በእጁ የሌለ ሰው ምን ያህል ክሊር እንደቀረው አያውቅም። በቤት ውስጥ አልመክረውም።

6. እውነቱን ማየት

ፖሊሽ ዘይት አለው። ዘይቱ ጭረት ውስጥ ገብቶ ለጊዜው ያበራዋል። ስለዚህ ጨረስኩ ከማለታችሁ በፊት 70 በመቶውን አልኮል ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ረጭታችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አብሱት። በቅርብ ሳምንታት የተቀባ መኪና ላይ ይህን አታድርጉ፤ ቀለሙ ገና አልጠነከረም።

ከዚያ የስልካችሁን መብራት ከጎን በኩል አዝምማችሁ አብሩ። ፊት ለፊት ብታበሩ ምንም አይታይም። የማታ መብራት የደበቀውን ደግሞ የጠዋት ፀሐይ ያወጣዋልና በማግሥቱ አንድ ጊዜ ድገሙት። ከቅርብ ሲታይ ትንሽ የጥላ ፍንጭ ቢቀር፣ ከሁለት ሜትር ሲታይ ካልታየ፣ እዚያ ላይ መቆም ይሻላል። የመጨረሻዋን ፍንጭ ለማጥፋት የሚነሣው ክሊር ዋጋው ከፍንጯ ይበልጣል።

7. ዋክስ

ፖሊሽ የተደረገ ክሊር እርቃኑን ነው። በዚያው ቀን ዋክስ ወይም ሲላንት (ሰው ሠራሽ መከላከያ ሽፋን) ቀቡት። ስስ አድርጋችሁ፤ ወፍራም ቢሆን ለመጥረግ ያስቸግራል እንጂ ጥቅም አይጨምርም። ሲደርቅ ጥረጉ። ደጅ ለሚያድር መኪና ዋክሱን በየሁለት ሦስት ወሩ አድሱ። ውሃ ሲፈስበት እንክብል እንክብል ማለቱን ሲያቆም ጊዜው ደርሷል።

በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ማጠብ ዋክሱን ያነሣዋል። ላቫጆ የምትሄዱ ከሆነ የራሳችሁን ሻምፖና ጨርቅ ይዛችሁ ሂዱ። ናፍጣ የተነካ ጨርቅ ቀለሙ ላይ እንዳያሹላችሁም ተናገሩ። ለአንድ ቀን ያብረቀርቃል፣ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ይይዛል።

ካልለቀቀስ?

ቀለሙ ከሥር ከነጣ ሁለት ምርጫ አለ፤ ማስቀባት ወይም አርማ መመለስ።

ማስቀባት ከመረጣችሁ የጽሑፉን ቦታ ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ኮፈን አስቀቡ። መሃል ላይ የሚቆም ክሊር መጋጠሚያው ከጊዜ በኋላ ይታያል፣ ሊላጥም ይችላል። ቀለሙን በዓይን ከማስቀላቀል ኮዱን ፈልጉ። ቶዮታ ላይ የበሩ ምሰሶ ላይ ወይም ሞተሩ ክፍል ውስጥ ባለች ትንሽ ሰሌዳ «ሲ/ቲአር» (C/TR) በሚለው መስመር ላይ ከእዝባሩ (/) በፊት የተጻፈው ነው። ለምሳሌ 1ኤፍ7 (1F7) ብር ቀለም ነው። ኮዱ ትክክል ቢሆንም መኪናችሁ በፀሐይ ተለውጧልና ቀቢው መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ቀብቶ ከፓራፋንጎው ጋር ያስተያየው።

የካስማ ቀዳዳ ካለ ባትላሜራው በብየዳ ይዘጋዋል፤ ከዚያ ቀለም ይከተላል። እስከዚያ ድረስ ክፍት አትተዉት። ውሃ ይገባል፣ ዝገቱም ከውስጥ ስለሚጀምር የምታዩት ዘግይቶ ነው። የቀዳዳው ጠርዝ ብረት ካሳየ ጸረ ዝገት ነክታችሁ በልኩ የሆነ የጎማ ውታፍ አድርጉበት።

አርማ መመለስ ርካሹ መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመጥፎ ቀለም ቅብ የተሻለ ይሆናል። የአሮጌውን ፕላስተር ከአርማው ጀርባ ሙሉ በሙሉ አውጡ። ለመኪና ውጭ አካል የተሠራ ሁለት ፊት ያለው አክሪሊክ ፕላስተር ግዙ፤ የወረቀት ሥራ ፕላስተር በመጀመሪያው ዝናብ ይወድቃል። ዋክስ ነክቶት ከሆነ ቦታውን በአልኮሉ ውሃ አጽዱት፣ ዋክስ ላይ ምንም አይጣበቅም። ብረቱንና አርማውን በፎን ለብ አድርጉ። መጀመሪያ ላይ በማስኪንግ ያስቀመጣችሁትን ምልክት ወይም ራሱን ጥላውን ተከትላችሁ አስተካክሉና ለግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቃችሁ ተጫኑ። ሙጫው ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከቆየ በኋላ ነው። ቢያንስ ለ24 ሰዓት መኪናውን አታጥቡት፣ ለግፊት ውሃማ ለሦስት ቀን አታቅርቡት።